ካምቢዮው ይጮኻል፤ ምን ዘይት ላድርግበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ካምቢዮዋ ትጮኻለች፤ ወፈር ያለ ዘይት አድርግባት።" ጋራዥ ውስጥ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምሰማት ነገር ናት። ሹፌሩ በሽታውንም መድኃኒቱንም ራሱ ወስኖ ይመጣል። ለእኔ የሚተርፈኝ ማንቆርቆር ብቻ ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። እዚህ የጻፍኩት ጎንደር ላይ ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው። ወሬው ሁሉ ማርሹ በእጅ ስለሚቀየር መኪና ነው፤ ካምቢዮ የምለውም የማርሹን ሳጥን ነው።

የትኛው ዘይት ነው ድምፁን የሚያጠፋው?

ከዘይቱ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። የሚጮኸው መቼ ነው?

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ሞተሩን አስነሡ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉት (ምንም ማርሽ አይግባ)፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን፣ ከግራው ፔዳል ላይ አንሡ። ቴፑን ዝጉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። ከሥር እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ነገር አለ? እንግዲያው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ እስከ ታች ርገጡት። ድምፁ ጠፋ እንበል። የሚጠረጠረው ከሞተር ኃይል ተቀብሎ ወደ ካምቢዮ የሚገባው ዘንግ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ያ ዘንግ መዞሩን ያቆማል፤ ድምፁም አብሮት ይቆማል።

ተቃራኒውስ? ዝም ብሎ ቆይቶ ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጀምር ከሆነ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም። የፍሪሲዮኑ የራሱ ኩሽኔታ ነው። እሱ ጋ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት አይደርስም። በጣም ውዱን ዘይት ብትሞሉበት እንኳ ድምፁ አይጠፋም።

ቀጥሎ እየነዳችሁ አዳምጡ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጡ ሁለተኛ ላይ እንደ ማሲንቆ እያዜመ ሦስተኛ ስታስገቡ የሚተው ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ተበልቷል። ማርሽ ስትቀይሩ ብቻ "ክርርር" የሚል ከሆነ ወይ ማርሹን ያለ ጩኸት የሚያስገባው ቀለበት፣ ሲንክሮናይዘሩ፣ አልቋል፣ ወይ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። በሁሉም ማርሽ የሚሰማ፣ ፎሌ አድርጋችሁ ስትንሸራተቱም የማይቆም፣ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉምጉምታ ደግሞ ጭራሽ ካምቢዮ ላይሆን ይችላል። የጎማ ኩሽኔታ ይሆናል፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ተዛብቶ ያለቀ ጎማ ራሱ ይሆናል። ካምቢዮ ላስወርድ ብሎ መጥቶ ሁለት ጎማ ቀይሮ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

የኋላ ጎማቸው ለሚነዳው አሮጌ መኪኖች አንድ ምልክት ልጨምር። አንደኛ ይጮኻል፣ ሁለተኛ ይጮኻል፣ ሦስተኛ ይጮኻል፤ አራተኛ ሲገባ ጭጭ። በእነዚህ ካምቢዮዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ነው የሚያሳልፈው። ከታች ያለው ዘንግ ይዞራል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ይሄዳል። ይህችን ብቻ ለመካኒካችሁ ብትነግሩት ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት።

ታዲያ ዘይት ምንም አያደርግም ማለት ነው?

ኧረ ያደርጋል። ዘይቱ ሲጎድል፣ ዓይነቱ ሲሳሳት ወይም ሲያረጅ የሚመጣ ጩኸት በዘይት ይስተካከላል። እኔ ጋ ከሚመጡት የሚበዛው የጎደለው ነው። ሞተር ዘይቱን የምናይበት መለኪያ አለው፤ ካምቢዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ማንም አያየውም። ሴሚያሱ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ከሚገባበት የዘይት መያዣ ጎማ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል፣ አቧራው ላይ ይጣበቅበታል፣ መሬት ላይ ምልክት እንኳ አይተውም። ብዙ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ላይ አምስተኛው ማርሽ ዳር ላይ ነው የተቀመጠው። ዘይት ሲጎድል ቀድሞ የሚጠማው እሱ ነው። ወደ ባሕር ዳር ሜዳውን በአምስተኛ ስትለቁት ብቻ የሚያፏጭ ካምቢዮ ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ መጠኑን እዩ።

ዘይቱ መጉደሉን ራሴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ክሪክ፣ ድጋፍ፣ ቁልፍና አንድ ጣት ይበቃል።

መኪናው አግድም ይቁም። በአንድ በኩል ብቻ ከፍ ካለ የምታዩት ውሸት ነው። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከቆመ መኪና ሥር ግን አትግቡ፤ ድጋፍ አስገቡለት። ካምቢዮው ላይ ሁለት ታፖ ታገኛላችሁ። አንዱ ታች ነው፣ ማፍሰሻው። ሌላው ጎን ላይ ከፍ ብሎ ያለው መሙያው ነው። ኮሮላ ላይ ብዙ ጊዜ 24 ቁጥር ቁልፍ ይይዘዋል። የላይኛውን ፍቱና ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ወደ ታች እጠፏት። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል፣ ቢበዛ አምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ጣታችሁ ደርቃ ከወጣች መልሱን አገኛችሁ።

አንድ ሕግ አለኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ለሚማሩ ልጆች በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው። ዘይት ልትቀይሩ ከሆነ የታችኛውን ከመንካታችሁ በፊት የላይኛውን ፍቱ። ታፖው ዝጎ አልፈታ ሊል ይችላል። ቀድማችሁ አፍስሳችሁ ቢሆን ኖሮ ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀሩ ነበር፤ መኪናው ሌላ ጋራዥ እንኳ መሄድ አይችልም።

ከመጠን በላይም አትሙሉ። ትርፉ አረፋ ይሠራል፣ መውጫ ሲያጣ ደግሞ የዘይት መያዣ ጎማዎቹን ገፍቶ ወደ ፍሪሲዮን ሊደርስ ይችላል።

ጣሳው ላይ ያለው 75ደብልዩ-90 ምን ማለት ነው?

ሁለት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚቀጥን ይናገራል፣ ሁለተኛው በሙቀት ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚይዝ። 75ደብልዩ የተባለው ዘይት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ይፈተናል፣ 80ደብልዩ ከዜሮ በታች 26 ላይ፣ 85ደብልዩ ከዜሮ በታች 12 ላይ። ጎንደር እንዲህ ዓይነት ብርድ አታውቅም። ስለዚህ 80ደብልዩ-90 ለከተማችን አየር አይከብድም። ግን የታኅሣሥ ንጋት ላይ መኪናቸውን ደጅ የሚያሳድሩ ሰዎች ልዩነቷን ያውቋታል። 75ደብልዩው ገና ከመነሻው ማርሹን ለስለስ ያደርገዋል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። 90 ከ40 ስለሚበልጥ የካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት በእጥፍ የወፈረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መለኪያቸው ለየቅል ነው። የካምቢዮ 90 ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተር ዘይት 40 እስከ 50 ያህል ነው። በቃ፣ ያን ያህል ነው።

ጂኤል 4 እና ጂኤል 5ስ? አምስት ከአራት አይሻልም?

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ ተከፍሎ ካምቢዮ የሚበላሸው። ቆየት ብለን እንየው።

ጂኤል ጣሳው ላይ የሚጻፍ የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው። አምስት ማለት "የተሻለ" ማለት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ማለት ነው። ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉ ጥርሶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በከባድ ኃይል ይጨመቃሉ። ተራ ዘይት ከመሐላቸው ተገፍቶ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ጂኤል 5 ውስጥ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይጨመራል፤ ጂኤል 4 ካለው እጥፍ ገደማ። ጣሳው ሲከፈት እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ያ ነው።

ካምቢዮ ውስጥ ግን ሲንክሮናይዘር የሚባል ቀለበት አለ። ብዙ ጊዜ ከነሐስ ነው የሚሠራው። ሥራው ፍሬን መሆን ነው። ማርሽ ስታስገቡ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ፍጥነት እስኪይዙ ድረስ ይዞ ያዘገያል፣ ከዚያ ያለ ጩኸት ይገናኛሉ። ፍሬን ደግሞ መያዝ አለበት። በጣም የሚያንሸራትት ዘይት ውስጥ ስትነክሩት አይዝም፤ ያኔ ነው "ክርርር" የሚመጣው። በዚያ ላይ አንዳንዱ የጂኤል 5 ቅመም ሲሞቅ ነሐሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ሁሉም ጂኤል 5 እንዲህ ነው አልልም። ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ የተጻፈበት አለ። ቶዮታም በብዙ ማንዋል ካምቢዮዎቹ መመሪያ ላይ ሁለቱንም ይፈቅዳል። መመሪያው ጂኤል 4 ብቻ ካለ ግን ጂኤል 4 ብቻ ነው። ክርክር የለውም።

ስትገዙ የጣሳውን ፊት ብቻ አትመኑ፤ አገላብጣችሁ አንብቡ። ሼል ስፓይራክስ ኤስ2 ጂ 80ደብልዩ-90 ጂኤል 4 ነው። ኤስ2 ኤ 80ደብልዩ-90 ደግሞ ጂኤል 5 ነው። ስሙ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ፣ ልዩነቱ አንዲት ፊደል። ሻጩ ሲቸኩል የቱን እንደሚያነሣላችሁ እግዜር ይወቅ።

140 ባደርግበትስ? ዝም ይላል ይባላል።

ይላል። እኔም አድርጌው ዝም ብሎልኛል። ለሦስት ሳምንት።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችኝ። ፎሌ ላይ ታጉረመርማለች። አንድ መለዋወጫ ቤት ሄጄ ሳማክር ሻጩ 85ደብልዩ-140 አውጥቶ "ይሄ ጸጥ ያደርጋታል" አለኝ። እውነትም ጸጥ አለች። ጓደኞቼን ጭኜ አዟርኩባት፤ ጉራዬ አይጣል ነበር። በማግስቱ ጠዋት አስነሥቼ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ልቀይር ብል ዱላው ማር ውስጥ የገባ ይመስል አልሄድ አለ። አሥር ደቂቃ ካላሞቅኋት አትቀየርም። ቻልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከቆላድባ ስመለስ ኩሽኔታው ተፈረካከሰ፣ ስብርባሪው ጥርስ ውስጥ ገባ። በኩሽኔታ ያልቅ የነበረው ሥራ ካምቢዮ መግዣ ሆነ።

ያኔ የገባኝ ይህ ነው። ጩኸቱ ይነግረኝ የነበረውን በወፍራም ዘይት አፈንኩት እንጂ ኩሽኔታው አልዳነም። ያለቀ ኩሽኔታ በማንኛውም ዘይት አይበቅልም። ከ90 ወደ 140 የምትሄዱት መመሪያው ለዚያ መኪና ለዚያ ሙቀት ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የሞተር ዘይት ባደርግበት ችግር አለው?

እንደ መኪናው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ግን ካምቢዮአቸው የሞተር ዘይት እንዲሞላ በፋብሪካ የታዘዘላቸው መኪኖች አሉ። የቆዩ ሆንዳዎችና አንዳንድ አይሱዙዎች ከእነዚህ ናቸው። ለእነሱ 90 መሙላት ነው ስሕተቱ። ለሌላው መኪና ግን የሞተር ዘይት ማድረግ የለባችሁም፤ ጥርሱን የሚጠብቀው ቅመም በበቂ የለበትም።

ለእኔ መኪና የቱ ነው የሚሆነው?

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይወስናል፤ ከእኔም ከሻጩም በላይ እሱ ያውቃል። መጽሐፉ ከጠፋ፣ ደግሞ እኛ አገር ሁሌም ይጠፋል፣ የካምቢዮውን ዓይነት ይዛችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት።

ጎንደር ላይ ስለሚበዙት ጥቂት ልበል። የፊት ጎማ ነጂ የሆኑ አሮጌ ኮሮላዎች ብዙዎቹ 75ደብልዩ-90 ይወስዳሉ፤ መጠኑ 1.9 ሊትር ነው። ሁለት ሊትር ገዝታችሁ ትንሽ ይተርፋችኋል። እነዚህ ላይ ዲፈረንሻሉ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ዘይቱም አንድ ነው። ዶልፊን ላይ ካምቢዮውና የኋላ ዲፈረንሻሉ ለየብቻ ናቸው። ዲፈረንሻሉ ጂኤል 5 ይፈልጋል። እዚያ ጂኤል 4 ማድረግ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። ሰሜን ተራሮች ቱሪስት የሚያመላልሱ ላንድ ክሩዘሮች አራት የዘይት ቤት አላቸው፦ ካምቢዮ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን፣ ሁለት ዲፈረንሻል። "የካምቢዮ ዘይት ቀየርኩ" ብሎ ሦስቱን የረሳ ሹፌር ስንቱን አይቻለሁ።

ሊማሊሞን የሚወጣና መተማ የሚወርድ መኪና ዘይቱ ይለያል?

ዓይነቱ አይለይም፤ የሚቀየርበት ጊዜ ነው የሚለየው። መተማ ቆላ ነው፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ጭነት ይዛችሁ በአንደኛና በሁለተኛ ስትፍጨረጨሩ ካምቢዮው ይግላል። የጋለ ዘይት ቶሎ ያረጃል። ቁልቁለቱን ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ እነሱን አትስሙ። ያ መንገድ ፍሬን ያቃጥላል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ደህና ካምቢዮ ለዚህ ነው የተሠራው።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ከተማ ውስጥ ለሚውል የቤት መኪና 60,000 ይበቃል። ጭነትና ዳገት ለሚበዛበት፣ ኮረኮንች ለሚውል ሚኒባስ ከ40,000 አታሳልፉ። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ግን ቆጣሪውን እርሱት። በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩ።

የወጣው ዘይት ውስጥ ብረት አየሁ። ደነገጥኩ።

ማፍሰሻው ታፖ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው እዩት። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ጭቃ ከያዘ ተራ ነገር ነው፤ ጥረጉና መልሱት። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ስባሪ ከሆነ ግን ካምቢዮው ይከፈት። ዘይቱን ፀሐይ ላይ ስታዩት ወርቅማ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ነሐስ ነው፤ ሲንክሮናይዘሩ እያለቀ ነው። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ ወንዝ ያቋረጠ መኪና ላይ አየዋለሁ። በዚያ ዘይት አንድ ቀን እንኳ አትንዱ።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን ብገዛስ?

አልመክርም። በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በቀለሙም አትፍረዱ፤ ቀለም ፋብሪካው የሚጨምረው ነገር ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልተነካ መሆኑን እዩ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ጣሳ ተዉ። ባዶ ጣሳችሁን ስትጥሉ ቀዳዱት። ፎርጅድ የሚሞላው በእሱ ነው።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ሻጩ ካምቢዮውን "አስተኝቶት" እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ዱሮ ሰጋቱራ የሚጨምሩ ነበሩ፤ የእንጨቱ ብናኝ ዘይቱን ያወፍረውና ጩኸቱን ለጥቂት ቀን ይደብቀዋል። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ማወፈሪያ በቆርቆሮ ይሸጣል። ዘዴው ግን ያው ነው። እናንተ መኪናውን ጠዋት፣ ሳይነሣ እያለ ሂዱበት። "አሙቄላችኋለሁ" ካለ ቀን ቀይሩ። ቀዝቃዛ ካምቢዮ ማርሽ ለመቀበል ከታገለ ውስጡ ወፍራም ነገር አለ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ሲሞቅ ነው እውነቱን የሚናገረው።

የኋላ ማርሽ ላይ ብቻ ያፏጫል።

ብዙ መኪና ላይ የኋላ ማርሽ ጥርሱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ተፈጥሮው ነው። ተዉት።

መኪናዬ ደባርቅ ላይ ቆመብኝ፤ ጎትቼ ጎንደር ላምጣው?

የኋላ ጎማ ነጂ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ታችኛው ዘንግ አይዞርም፤ ዘይት ወደ ላይ የሚረጨው ግን እሱ ነበር። ጎማው የላይኛውን ዘንግ በደረቁ እያዞረ መቶ ኪሎ ሜትር ያመጣዋል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ የካርዳኑን ቡሎኖች ፈትታችሁ ካርዳኑን አውርዱት፣ ወይም የኋላውን ጎማ አንሥቶ የሚጎትት ጥሩ።

የእኔ አውቶማቲክ ነው።

ዘይቱ ፍጹም ሌላ ነው። ከላይ ያልኩትን አንዱንም አታድርጉበት።

ትክክለኛውን ዘይት ቀየርኩ፤ አሁንም ይጮኻል። እስከ መቼ ልንዳው?

ለስለስ ያለ፣ ለወራት ያልተለወጠ ዜማ ከሆነ አብራችሁት ልትቆዩ ትችላላችሁ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለች መኪና አለችኝ። ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ግን ኩሽኔታ ነው፤ በኩሽኔታ ዋጋ የሚያልቅበት ጊዜ አጭር ነው። ማርሹ ራሱ ተፈናጥሮ ፎሌ መግባት ከጀመረ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሡ፣ ያን ቀን መኪናውን አቁሙት። ለመካኒኩ ስታስረክቡት "ይጮኻል" ብቻ አትበሉት። በየትኛው ማርሽ፣ በስንት ፍጥነት፣ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ምን እንደሚሆን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እኔ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው የተሰጠኝ። ሁለቱንም መኪኖች በማግስቱ መልሻለሁ።